መሐንዲስ ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት፦ ከጊደር መጋላ እስከ አራት ኪሎ

ሐረር ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ቀድሞ የሚናገረው ጀሪካን ነው። ከጊደር መጋላ ወደ ጀጎል በሮች በሚወርዱት ጠባብ መንገዶች ጀሪካን ይደረደራል፤ እናቶች የቧንቧውን ፈረቃ ይጠብቃሉ፤ ዉዱእ የሚያደርገው ሰው የሚቀዳውን ውሃ ይቆጥባል። የሰፈሩ ሰው ጥያቄውን የሚያቀርበው ለከተማው የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ የተበላሸ ፓምፕ ሊጠግንና ፈረቃ ሊያወጣ ይችላል። ከሌላ አካባቢ አዲስ ውሃ ለማምጣት የሚያስፈልገው ከፍተኛ ገንዘብ ግን የሚወሰነው በሌላ ቤት ነው። ያ ቤት አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ በምህንድስና ሙያ የሠለጠነ ሰው ወደ አገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚገባበትን መንገድ ከሐረር አንጻር ያስረዳል። የሐረርን ውክልና ታሪክ፣ የሕገ መንግሥቱን ድንጋጌዎች፣ ከአገራችንና ከቱርክ የታወቁ ሰዎችን ተሞክሮ፣ በመጨረሻም ኃላፊነትን ስለመጠየቅ ዑለማዎች ያሉትን በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ከተማይቱና ሕዝቧ

ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት የገበያ ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ ከከተማይቱ የንግድ ታሪክ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ስፍራዎች መኖራቸውን ጠቅሷል።

ሐረር ለረጅም ዘመን በራሷ አሚሮች የምትተዳደር የነጋዴዎችና የዑለማዎች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ያዟት። በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ጦርነት በንጉሥ ምኒልክ ጦር ከተሸነፉ በኋላ በኢትዮጵያ ግዛት ሥር ገባች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የከተማይቱ ሰው የሚተዳደርበት ሕግ የሚወጣው ከግንቡ ውጭ ሆነ። «በሕጉ ላይ ድምፅ የሚኖረን እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ተወለደ።

ጥያቄው በጣም ከባድ ሆኖ የታየው በ1940 ዓ.ም. ነው። «ኩሉብ» ተብሎ በሚታወቀው ንቅናቄ ጊዜ የሐረሪ ተወካዮች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ ሞቃዲሾ ሄዱ። ምክንያቱም የቀድሞዎቹን የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ዕጣ የሚያጣራው የአራቱ ኃያላን መንግሥታት ኮሚሽን በዚያ ነበር። ይህን ተከትሎ በሐረር ብዙ ሰዎች ታሰሩ፣ ንብረትም ተወረሰ። ብዙ ቤተሰቦች ከተማይቱን ለቀው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ዛሬ ከክልሉ ውጭ የሚኖረው ሐረሪ ቁጥሩ ከፍ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገሩ ከ70 ዓመት በኋላ በምርጫ ጉዳይ ፍርድ ቤት እንደደረሰ ወደ ታች እናያለን።

የአገሪቱ ምክር ቤቶች በአጭሩ

የኢትዮጵያ ፓርላማ መነሻው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ያኔ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትንም መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው ሕገ መንግሥቱ በ1948 ዓ.ም. ከተሻሻለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በደርግ ዘመን መጨረሻ 835 መቀመጫዎች የነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቋመ።

አሁን ያለው አደረጃጀት የመጣው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባሉ ሁለት ቤቶች አሉ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሁለቱም አባል መሆን አይችልም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራል መንግሥቱን በጀት ያጸድቃል፣ መንግሥት የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። ሕገ መንግሥቱ የአባላቱ ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ደንግጓል። በሥራ ላይ ያለው 547 መቀመጫ ነው። ከነዚህ ውስጥ የሐረሪ ክልል ያለው 2 ብቻ ነው፤ አንደኛው የጀጎል ልዩ የምርጫ ክልል፣ ሁለተኛው የሁንደኔ።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት በበኩሉ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ የሚያገኝበት ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፤ ፌዴራል መንግሥቱ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመርም ይወስናል። አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ከፈለጉም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ።

ክልሉ በራሱ ደግሞ ከሌሎች ክልሎች የተለየ አሠራር አለው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ ሲኖረው፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ክልሉ 183,415 ሕዝብ ነበረው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ኦሮሞ ነው፤ የአማራና የሌሎች ብሔረሰቦች ተወላጆችም በብዛት ይኖሩበታል፤ ሐረሪው ግን ከ10 ሰው አንድ አይሞላም። ባለ ሁለት ጉባኤው አሠራር በስሟ የምትጠራው ከተማ ባለቤቶች በቁጥር ማነስ ድምፅ እንዳያጡ፣ አብሯቸው የሚኖረውም ሕዝብ ያለ ውክልና እንዳይቀር የተዘረጋ ነው።

የ2013ቱ ክርክር

ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14 መቀመጫዎች ከክልሉ ውጭ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የሚኖሩ ሐረሪዎችም ድምፅ የመስጠት ልማድ ነበራቸው። በ2013 ዓ.ም. ለስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ዝግጅት ሲደረግ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ይህን አሠራር አልተቀበለም። የክልሉ ወገን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከክልሉ ውጭ ያሉ ሐረሪዎች ድምፅ መስጠት እንደሚችሉ ወሰነ። በሐረሪ ክልል ምርጫው የተካሄደው ከአብዛኛው አገር ዘግይቶ፣ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

የዚህ ክርክር ትምህርት ለመሐንዲሱም ለመራጩም አንድ ነው። መቀመጫ በሕግ የተጻፈ መብት ነው፤ ሆኖም ሕጉን የሚያነብ፣ ቀነ ገደቡን የሚከታተልና የሚሟገት ሰው ካልተገኘ በአንድ ውሳኔ ሊቀር ይችላል። ከ547 መቀመጫ 2 ብቻ ያለው ሕዝብ በብዛት ማሸነፍ አይችልም። ያለው አማራጭ እነዚያ 2 ሰዎች የሚናገሩትን ጠንቅቀው የሚያውቁ እንዲሆኑ ማድረግ ነው።

ውሃው በፓርላማ በኩል ያልፋል

ሐረር ለብዙ ዓመታት ውሃ ታገኝ የነበረው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ደረቀ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው ያለው ገበሬ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ይስብ ነበር፤ የተራቆተው ኮረብታ አፈሩን እያጠበ ወደ ሐይቁ ይሰድ ነበር፤ ከተሞቹም ይቀዱ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ሐይቁ በከፊል ተመልሷል፤ ከተማይቱ ግን ሌላ ምንጭ መፈለግ ግድ ሆኖባት ነበር።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ድሬዳዋ አካባቢ ካለው ሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ መሳብ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ውሃው በብዙ ኪሎ ሜትር ቧንቧ፣ በፓምፕ እየተገፋ ተራራ መውጣት አለበት። መብራት ሲጠፋ ውሃም የሚጠፋው ለዚህ ነው። ይህን ማስረዳት ለመሐንዲስ ቀላል ነው። የፕሮጀክቱ ገንዘብ የመጣበት መንገድ ግን ከምህንድስና ትምህርት ውጭ ነው።

ለሐረር ውሃ ዋናው ገንዘብ የተገኘው ከአፍሪካ ልማት ባንክ ነው። እንዲህ ያለ ብድር የራሱ መንገድ አለው። ገንዘብ ሚኒስቴር ይደራደራል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራል። ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው «የብድር ስምምነት ማጽደቂያ አዋጅ» ተብሎ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። እንዲህ ያሉ አዋጆች አጭር ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ክርክር ያልፋሉ። መሐንዲስ የሆነ አባል መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው። የኃይል አቅርቦቱ ተጠንቷል? መጠባበቂያ ጄኔሬተር በዋጋው ውስጥ ገብቷል? ፓምፕ ሲቃጠል የመለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ከየት ይመጣል? ቧንቧው የሚያልፍባቸው ገጠሮች ውሃ ያገኛሉ ወይስ በደጃቸው ሲያልፍ ብቻ ያያሉ?

ሥራው ከተጀመረ በኋላም ምክር ቤቱ ድርሻ አለው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር የኦዲት ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው። በሪፖርቱ ስለ ዘገዩ ፕሮጀክቶች፣ ስለ ዋጋ ማስተካከያ፣ ያለ በቂ ጥናት ስለተሰጡ ተጨማሪ ሥራዎች ብዙ ይነገራል። ሳይት ላይ የሠራ፣ የክፍያ ሰርተፍኬት የፈረመ፣ ከተቋራጭና ከአማካሪ መሐንዲስ ጋር የተከራከረ ሰው ይህን ሪፖርት ሲያነብ የቱ መዘግየት ከዝናብ፣ የቱ ከቸልተኝነት እንደመጣ ይለያል። ሚኒስትሩ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ሲመልስ ቀጥሎ የሚጠየቀውን ያውቃል።

የድጎማ ቀመሩም እንዲሁ ነው። ክልሎች ምን ያህል ወጪ እንደሚያስፈልጋቸውና ምን ያህል ገቢ ማሰባሰብ እንደሚችሉ በስሌት ይለካል። የሕዝብ ብዛት በስሌቱ ትልቅ ቦታ ስላለው ትንሽ ክልል ሁልጊዜ ትንሽ ያገኛል። 500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ግንብና በውስጡ ያሉትን ቤቶች መጠበቅ ግን በነዋሪ ቁጥር የሚለካ ወጪ አይደለም። ይህን በስሜት ሳይሆን በቁጥር ማቅረብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ሙስሊሙን በቀጥታ የሚነኩ ሕጎች

የፓርላማ ጉዳይ የመንገድና የውሃ ብቻ ነው የሚል ካለ ጥቂት አዋጆችን ማስታወስ ይበቃል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በፌዴራል ደረጃ የቆሙት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ለመቋቋም መንገድ ያገኙት የባንክ ሥራ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1159/2011 ከተሻሻለ በኋላ ነው፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ነው። የኒካሕና የውርስ ክርክር የሚታይበት ችሎት፣ ነጋዴው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ባንክ፣ የመጅሊሱ ሕጋዊ አቋም፣ ሁሉም በአራት ኪሎ እጅ ወጥቶባቸዋል። በእነዚህ ሁሉ ጀርባ የብዙ ዓመት የሕዝብ ጥያቄ ነበር። ጥያቄው ሕግ የሆነው ግን ረቂቅ ተጽፎለት፣ ድምፅ ተሰጥቶበት ነው።

መሐንዲሱ በየትኛው በር ይገባል?

የመጀመሪያው በር ምርጫ ነው። ምርጫ በየ5 ዓመቱ ይካሄዳል፤ መራጭ ለመሆን 18 ዓመት፣ ለመመረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዝርዝሩን የሚገዛው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። አንድ ሰው በፖለቲካ ፓርቲ ዕጩነት ወይም በግል ዕጩነት መወዳደር ይችላል። የግል ዕጩ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ አለበት። በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ዓላማ ያላቸው ሦስት ሰዎች በየግላቸው ቢወዳደሩ ድምፃቸው ተከፋፍሎ ሦስቱም ሊሸነፉ ይችላሉ።

ሁለተኛው በር የክልል ምክር ቤት ነው። በሐረሪ ክልል ምክር ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሊላክ ይችላል። ይህ መንገድ ቀስ ያለ ቢሆንም ለወጣት ባለሙያ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ በጀት ማንበብንና ከሰው ጋር መስማማትን በቅርብ ያስተምራል።

ሦስተኛው በር ሹመት ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮችን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መርጦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ ያስጸድቃል። ይህ በር ወደ አስፈጻሚው እንጂ ወደ ሕግ አውጪው አያስገባም። ብዙ መሐንዲሶች በዚህ በር ስለሚገቡ ሁለቱ ሲምታቱ ይታያል።

አንድ ሰው ከተመረጠ በኋላ ተጠሪነቱ ለማን ነው? ሕገ መንግሥቱ ሦስት ነገር ያስቀምጣል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው። መራጩ እምነት ካጣበት የማውረድ መብት እንዳለውም ይደነግጋል።

ከአገራችን ሁለት ተሞክሮዎች

ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል የሲቪል መሐንዲስ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲን በሊቀመንበርነት መሩ። በይፋዊው ውጤት ቅንጅት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 109 መቀመጫ ሲያገኝ፣ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። ከውጤቱ ክርክር በኋላ መሪዎቹ ወደ ምክር ቤቱ አልገቡም። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሌሎች አመራሮች ጋር ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። መግባት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የማይካደው ግን ምርጫን ማሸነፍና በምክር ቤት ወንበር ተቀምጦ ሕግ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

ሁለተኛዋ የአፋር ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ አይሻ መሐመድ ናቸው። በሲቪል ምህንድስና የተማሩ ሙስሊም ሴት ሲሆኑ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ በኢትዮጵያ ታሪክ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከዚያ በፊትና በኋላ ኮንስትራክሽንን፣ የከተማ ልማትን፣ መስኖና ቆላማ አካባቢን የሚመለከቱ ሚኒስቴሮችን መርተዋል። የእሳቸው መንገድ ሦስተኛው በር ነው። ከቆላማው አካባቢ የመጣች፣ ሒጃብ የለበሰች መሐንዲስ በከፍተኛ ኃላፊነት መቀመጧን ያዩ ልጃገረዶች ምህንድስናን እንደ ወንድ ሙያ ብቻ እንዳያዩት አድርጓል።

ፕሮፌሰር ነጅመዲን ኤርባካን፦ ከሞተር ፋብሪካ ወደ ፓርላማ

መሐንዲስ ሕግ አውጪ ሲሆን ምን እንደሚገጥመው በግልጽ ከሚያሳዩ የሙስሊሙ ዓለም ታሪኮች አንዱ የቱርኩ ነጅመዲን ኤርባካን ነው። በዚህ ክፍል ያሉት ዓመቶች በእ.ኤ.አ. ናቸው።

ኤርባካን በ1926 በጥቁር ባሕር ዳር በምትገኘው ሲኖፕ ከዳኛ አባት ተወለዱ። በ1948 ከኢስታንቡል ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። ጀርመን አኸን ሄደው በሞተር ላይ የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠሩ፤ በዶይትዝ ፋብሪካም ሠሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1956 ከ200 ገደማ ባለአክሲዮኖች ጋር ጉሙሽ ሞተር የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ለመስኖ ፓምፕ የሚሆን የናፍጣ ሞተር በአገር ውስጥ ለማምረት የታሰበ ነበር።

ሞተሩ ተመረተ፤ ገበያው ግን ከውጭ በሚገባ ዕቃ ተሞልቶ ነበር። የውጭ ምንዛሪና የማስመጫ ኮታ በአብዛኛው የሚደርሰው ለኢስታንቡል ትላልቅ ነጋዴዎች ነበር። ኤርባካን ይህን ለመለወጥ ወደ አገሪቱ የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቶች ኅብረት ገቡ፤ በ1969 የአናቶሊያ ትንንሽ ነጋዴዎች ድጋፍ ሰጥተዋቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። መንግሥት ምርጫውን አልተቀበለም፤ በፖሊስ ከቢሮ አስወጣቸው። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሱሌይማን ደሚሬል በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማሩ መሐንዲስ ነበሩ። ኤርባካን በደሚሬል ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ጠይቀው ተከለከሉ። በመጨረሻ በጥቅምት 1969 በኮንያ በግል ተወዳድረው አሸንፈው ፓርላማ ገቡ።

በቀጣዩ ዓመት የመሠረቱት ፓርቲ በ1971 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተዘጋ። ሁለተኛው ፓርቲያቸው በ1973 ምርጫ 48 መቀመጫ አገኘ፤ እሳቸውም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1980 ጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ሲይዝ ታሰሩ፤ ከፖለቲካም ታገዱ። በ1995 ሬፋህ ፓርቲ 158 መቀመጫ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ በሰኔ 1996 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በሰኔ 1997 ስምንት የሙስሊም አገሮችን በኢኮኖሚ የሚያስተባብረው ዲ-8 በኢስታንቡል ተመሠረተ። በዚያው ወር በጦር ሠራዊቱ ግፊት ሥልጣን ለቀቁ፤ በጥር 1998 ሬፋህ ተዘጋ። በየካቲት 2011 አንካራ ውስጥ አረፉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ ኤርባካንን ወደ ፓርላማ የገፋቸው የሠሩት ሞተር ነው። ጥሩ ሞተር መሥራት እንደማይበቃ፣ ኮታው በማን እጅ እንዳለ ሲያዩ ወደዚያ ሄዱ። ሁለተኛው የመሐንዲስ ድክመት ነው። በ1970ዎቹ በየክፍለ አገሩ የፋብሪካ መሠረት ድንጋይ አስቀመጡ፤ ብዙዎቹ ሳይጠናቀቁ ቀሩ፤ ተቃዋሚዎቻቸውም መቀለጃ አደረጉት። ዲዛይን ወረቀት ላይ ሲያምር ገንዘቡ፣ የሰው ኃይሉና ጊዜው የሚገኝ ይመስላል። ቃል የገባ ፖለቲከኛ ግን የሚጠየቀው በቆመው ግንባታ ነው።

ኃላፊነት መጠየቅ በሸሪዓ ዓይን

ብዙ ዲን ያላቸው ባለሙያዎች ወደ ምርጫ ከመግባት የሚታቀቡት በአንድ ሐዲስ ምክንያት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አብዱረህማን ኢብን ሰሙራን ሹመት እንዳይጠይቅ መክረውታል፤ ጠይቆ ያገኘ ሰው ለራሱ እንደሚተው፣ ሳይጠይቅ የተሰጠው ግን እንደሚታገዝ ነግረውታል። አቡ ዘርንም (ረ.ዐ) ሹመት አማና መሆኑን፣ የእሱ አቅም ደግሞ ለዚያ ደካማ መሆኑን ነግረውታል። አቡ ዘር በኢማንና በዙህድ ከታላላቆቹ ሰሃቦች አንዱ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰው መሆን ብቻውን ለሹመት አያበቃም ማለት ነው።

በሌላ በኩል በሱረቱ ዩሱፍ 55ኛው አንቀጽ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በግብፅ ንጉሥ ዘንድ በአገሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾሙ ራሳቸው ጠይቀዋል። ለጥያቄያቸው ያቀረቡት ዘራቸውን ወይም ደረጃቸውን አይደለም፤ ጠባቂነታቸውንና ዕውቀታቸውን ነው። የሰባት ዓመት ድርቅ ሊመጣ ነበር፤ እህሉን የሚያስቀምጥና የሚያከፋፍል ባለሙያ ያስፈልግ ነበር።

ኢማም አል-ቁርጡቢ በተፍሲራቸው ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ አንድ ሰው በራሱ ፍትሕን ለማቆም እንደሚችል ካወቀና ቦታውን የሚመጥን ሌላ ሰው ከሌለ መጠየቁ እንደማያስወቅሰው፣ እንዲያውም ተገቢ እንደሚሆን አስረድተዋል። ክልክሉ ሥልጣንን ለራሱ ለሚፈልግና አቅሙን ለማያውቅ ሰው ነው።

ለመሐንዲሱ ይህ ሁለት መስፈርት ይሰጠዋል። «ዐሊም» ማለት የሚናገርበትን ማወቅ ሲሆን ዲግሪና የሥራ ልምድ በከፊል ያሟሉታል። «ሐፊዝ» ማለት የተሰጠውን የሚጠብቅ ሲሆን ይህን የሚያሟላ ዲግሪ የለም። ጨረታ ላይ የታመነ፣ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ብሎ ያልፈረመ፣ በሲሚንቶና በብረት ያልደራደረ ሰው ብቻ ነው በሕዝብ በጀት ላይ «ጠባቂ ነኝ» ሊል የሚችለው።

ከአምስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው አምስት ኪሎ ነው። ከዚያ ተነስቶ አራት ኪሎ ፓርላማው በር ለመድረስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በሐረር አካባቢ ያለ ወጣት ደግሞ በሐሮማያ ወይም በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና መማር ይችላል። ከምረቃ እስከ ምክር ቤት ያለው መንገድ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ የሚጀመረውም በሰፈር ነው።

ሐረሪው በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ አፎቻ አለው። ለሠርግና ለሐዘን የሚሰባሰበው ይህ ማኅበር ሰው በተግባር የሚታይበት ቦታ ነው። ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሒሳቡን በሰዓቱ ያቀረበ፣ የሁለት ጎረቤት የግንብ ክርክር ያስታረቀ፣ የመስጊዱን ጣራ ጥገና በተሰበሰበው ገንዘብ ያስጨረሰ መሐንዲስ ድምፅ ሲጠይቅ ሕዝቡ ያውቀዋል። በሁንደኔ ያለው የኦሮሞ ገበሬ ጋ ሄዶ በቋንቋው ስለ መስኖው የሚያወራ ደግሞ ከጀጎል ግንብ ውጭም ይታመናል።

መራጩም የራሱ ድርሻ አለው። ዕጩው ሲመጣ ከዘሩና ከንግግሩ በፊት አራት ነገር መጠየቅ ይችላል። ባለፉት 5 ዓመታት የሠራኸው ሥራ የት ነው የቆመው? የክልሉን በጀት አንብበሃል? ውሃችን በመብራት መጥፋት እንዳይቋረጥ ምን ታቀርባለህ፣ ገንዘቡስ ከየት? ከሁለቱ ወንበር በአንዱ ስትቀመጥ ከሌሎቹ 545 አባላት ማንን ታሳምናለህ?

መልስ የሌለው ዕጩ መሐንዲስ ቢሆንም ይቅርበት። መልስ ያለው ግን በሐያእ ቤቱ ተቀምጦ እንዳይቀር ሊነገረው ይገባል፤ በጊደር መጋላ ጀሪካን ይዘው የሚቆሙት እናቶች እሱንም ይጠብቃሉ።

ወላሁ አዕለም።